መጀመሪያ ውጡ፣ ዕቃው ይደርሳል

«ሰላም ለእርስዎ። የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ወንዱ 14 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 9። ባለፈው በጋ ልጆቹ ከቤት ወጣ ይበሉ ብዬ የእግር ጉዞና የካምፕ ፕሮግራም አወጣሁ። ዕቃም ገዛሁ። ደረት ላይ የሚታሰር ትንሽ ካሜራ፣ ስማርት ሰዓት፣ ቦርሳ ላይ የሚንጠለጠል የሶላር ቻርጀር። ነገሩ ግን እንዳሰብኩት አልሆነም። ግማሹ ቀን ስቀርጽና ቻርጅ ስፈልግ ያልፋል። አንድ ቀን ትንሿ ልጄ "አባዬ፣ ካሜራውን አስቀምጠውና ና" አለችኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ጫካ ውስጥ ስልኬ ዘጋ። ካርታው ያለው እሱ ላይ ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ጠፍቶን ተንከራተትን። ከዚያ ወዲህ ጉዞ ሲነሳ የባለቤቴ ፊት ይለዋወጣል። "ዘንድሮ ወይ ዕቃውን ሁሉ ትተዋለህ፣ ወይ ቤታችን እንቀመጣለን" ትላለች። እኔ ደግሞ አዲስ ዝርዝር አዘጋጅቻለሁ። ድሮን፣ የሳተላይት መልእክት መላኪያ፣ የውሃ ማጣሪያ፣ የግንባር መብራት፣ ድንኳን። ልጄ ድሮኑን አጥብቆ ይፈልገዋል። የቱን ልግዛ? የቱን ልተው?
ግራ የገባኝ አባት»

ወንድሜ፣ በዕድሜ የምበልጥህ ይመስለኛልና አንተ ብልህ ቅር አይበልህ።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ዓይኔ የልጅህ ቃል ላይ አረፈ። «አባዬ፣ ካሜራውን አስቀምጠውና ና።» ይሄ ወቀሳ መስሎህ ከሆነ ደግመህ ስማው። እየጠራችህ ነው። ከአባቷ ጋር መሆን የምትፈልግ የ9 ዓመት ልጅ አለችህ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

የቱን ልግዛ ብለሃል። ለጊዜው ከዝርዝርህ ምንም አትግዛ። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ወጥታችሁ ተመለሱ። ጠዋት ወጥታችሁ ከሰዓት በኋላ የምትገቡባቸው ሦስት አጫጭር ጉዞዎች ይሁኑ። ቤት ውስጥ ያለውን ይዛችሁ ሂዱ። ልጅህ ትንሽ ደብተር ትያዝ። ማታ ስትገቡ ቁጭ በሉና «ዛሬ ምን ጎደለን?» ብላችሁ ተነጋገሩ፤ እሷ ትጻፈው። ሦስቱንም ቀን የተጻፈ ነገር ካለ በእርግጥ ያስፈልጋችኋል። አንዴም ያልተጻፈው፣ ማስታወቂያው የቱንም ያህል ቢያምር ይቅር።

ዕቃ መውደድህ ጥፋት ነው አልልህም። እኔም እወዳለሁ። ባለፈው በጋ የሆነው ዕቃው ከጉዞው መቅደሙ ነው። የት እንደምትሄዱ ሳይወሰን ዕቃው ተገዛ። ከዚያ ጉዞው ዕቃውን መሞከሪያ ሆነ። አንተም ቀኑን ሙሉ የዕቃው ጠባቂ ሆነህ ዋልክ።

አሁን የጠፋችሁበትን ቀን እናንሳ። ባለቤትህ ያልረሳችው እሱን ነው፤ እውነቷንም ነው።

ስልክ ጫካ ውስጥ ለምን ቶሎ እንደሚዘጋ ታውቃለህ? ኔትወርክ ሲደክምበት ወይም ጭራሽ ሲጠፋበት ፍለጋ ይጀምራል። ደጋግሞ ይፈልጋል፣ ምልክቱን ለማድረስም ኃይሉን ይጨምራል። ኪስህ ውስጥ ሳትነካው ባትሪውን ይበላዋል። በዚያ ላይ ፀሐይ ስለሆነ የስክሪኑን ብርሃን እስከ ጫፍ ከፍተኸዋል። በየመታጠፊያው ካርታ ታያለህ፣ ፎቶ ታነሳለህ። ከሰዓት በኋላ ላይ ቢዘጋ አይገርምም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው። ይህን ለሰው ስናገር «ታዲያ ካርታው እንዴት ይሠራል?» ይሉኛል። ይሠራል። ያለህበትን ቦታ በሳተላይት የሚያሳይህ ጂፒኤስ ከስልክ ኔትወርክ ጋር ጉዳይ የለውም። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ያለማቋረጥ ያሰራጫሉ። የስልክህ ድርሻ ማዳመጥ ብቻ ነው። ቢያንስ የአራቱን ምልክት ሲያገኝ፣ ምልክቱ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ አስልቶ ያለህበትን ያውቃል። ወደ ሰማይ መልሶ የሚልከው ነገር የለም። ሰማዩ ክፍት ከሆነ የሚሳሳተው በአምስት ሜትር ገደማ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር ወይም በገደል መካከል ስትሆን ግን ምልክቱ ከድንጋይ ድንጋይ እየነጠረ ስለሚደርሰው ነጥቡ ወዲያ ወዲህ ይላል። እንዲህ ሲሆን አትደናገጥ፤ ገላጣ ቦታ ፈልገህ ትንሽ ቁም።

ካርታው ግን አስቀድሞ ስልክህ ላይ መውረድ አለበት። ቤትህ ሳለህ የአካባቢውን ካርታ አውርድ። ከዚያ እዚያው ቤትህ ውስጥ ኔትወርኩንም ዋይፋዩንም ዘግተህ ክፈተው። መንገዱ፣ ወንዙ፣ የከፍታው መስመር ይታያል? ካልታየ አልወረደም ማለት ነው። ይህን ሳትሞክር እግርህን ከቤት እንዳታነሳ። ሌላም ነገር አለ። ኔትወርክ የሌለው ስልክ መጀመሪያ ሳተላይቶቹን እስኪያገኝ ደቂቃዎች ሊወስድበት ይችላል። ስለዚህ መነሻው ላይ፣ ሜዳው ላይ እያላችሁ ክፈተውና ነጥቡ ተረጋግቶ እስኪቆም ጠብቅ።

ካርታ ግን አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም። ያን ቀን የጎዳችሁ ይሄ ነው። የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ይዛችሁ ውጡ፤ ለልጅህም ስጠው። የ14 ዓመት ልጅ «መንገዱን አንተ ምራን» ሲባል ቁመቱ ይጨምራል። በየተወሰነ ርቀት እሱ በካርታው፣ አንተ በስልኩ ያላችሁበትን ፈልጉና አስተያዩ። ኮምፓሱን ግን ከስልክና ማግኔት ካለው የስልክ ሽፋን አርቁት፤ መርፌው ይታለላል።

አሁን ወደ ቻርጅ። ያ የሶላር ቻርጀር ለምን እንዳስቸገረህ ይገባኛል፤ እኔንም አስቸግሮኛልና። ከዓመታት በፊት ለአራት ቀን ጉዞ እሱን ብቻ ተማምኜ ወጣሁ። ጠዋት ፀሐይ ፊቴ ላይ ነበረች፣ ሶላሩ ጀርባዬ ላይ። ከሰዓት በኋላ ዛፍ ሥር እንሄዳለን። በሁለተኛው ቀን ማታ ስልኬም መብራቴም ጠፉ። ቀሪውን ሁለት ቀን በጓደኛዬ መብራት ኖርኩ። ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ሳጥኑ ላይ «10 ዋት» የሚለው ሶላሩ ጠንካራ ፀሐይ ሲያገኝ ሊሰጥ ለሚችለው ነው። ጀርባ ላይ እየተወዛወዘ፣ ፊቱ እየዞረ የሚሰጠው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። አንድ ቦታ ለቀናት ሰፍራችሁ ወደ ፀሐይ አዙራችሁ የምታስቀምጡት ከሆነ ይጠቅማል። ለቀን ጉዞ ግን ቤት ተዉት።

ለእናንተ ፓወር ባንክ ይበቃችኋል። ቁጥሩን ግን እንደተጻፈ አትመነው። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚለው የውስጡ ባትሪ በ3.7 ቮልት ያለው አቅም ነው። ሲባዛ 37 ዋት ሰዓት ይሆናል። ስልክህ ጋ ሲደርስ በቮልቴጅ ቅየራና በሙቀት የሚባክነው ይቀነሳል። ስለዚህ 5,000 የሚል ባትሪ ያለውን ስልክ ሁለት ጊዜ ይሞላልኛል ብለህ አትቁጠር። አንድ ጊዜ ሞልቶ ትንሽ ከተረፈው ጥሩ ነው። ለአንድ ሌሊት አዳር ይሄ ከበቂ በላይ ነው። ደግሞ ከሙቀት ጠብቀው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ወይም የተዘጋ ድንኳን ውስጥ አትተወው። ብርድም ይጎዳዋል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ስልኩንም ፓወር ባንኩንም መኝታ ከረጢትህ ውስጥ አስገባቸው። በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሄድም። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደውም እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው።

ከዝርዝርህ ውስጥ ባለቤትህን በቀጥታ የሚመለከታት የሳተላይት መልእክት መላኪያው ነው። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ በዓመት አንዴ ብቻ ለግማሽ ቀን የምትሄዱ ከሆነ ይቅርባችሁ። አዘውትራችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግን ከድሮኑም ከካሜራውም በፊት እሱን ግዛ። ከመግዛትህ በፊት ስልክህን እይ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በወጡ አንዳንድ ስልኮች ላይ የድንገተኛ ጊዜ የሳተላይት መልእክት አብሮ አለ። የምትሄዱበት አገር ውስጥ መሥራቱንም አረጋግጥ። መልእክት መላኪያዎቹ ብዙውን ጊዜ የአገልግሎት ክፍያ አላቸው፤ ያንንም ጨምረህ አስብ። ሌላው ዓይነት አንድ ሥራ ብቻ ያለው የድንገተኛ ጊዜ መጥሪያ ነው። በ406 ሜጋኸርዝ ምልክት ይልካል፤ ምልክቱን ኮስፓስ ሳርሳት የሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ተቀብሎ ለነፍስ አድን ሠራተኞች ያስተላልፋል። ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ፣ ሶቭየት ኅብረት፣ ካናዳና ፈረንሳይ ናቸው የጀመሩት። በዚያ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ለጠፋ ሰው ሲሉ አብረው መሥራታቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። የትኛውንም ብትገዛ በስምህ አስመዝግበው። አጠቃቀሙንም ሚስትህም ልጅህም ይወቁት። ወድቀህ እግርህን ብትሰበር ቁልፉን የሚጫኑት እነሱ ናቸው።

እስከዚያ ግን ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ፊሽካ። ይሄን አቅልለህ አትየው። የሰው ድምፅ ይደክማል፣ ፊሽካ አይደክምም። በተራራ ላይ በብዙ አገር የታወቀው የጭንቀት ምልክት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መንፋት ነው። ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝም፤ እንደገና ስድስት። የሰማ ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ነፍቶ ይመልሳል። ቤት ውስጥ አለማምዳቸው፤ ጎረቤት ይረበሻል እንጂ ልጆቹ ይወዱታል። ከዚያ ሁለቱንም አንድ ነገር አስተምራቸው፤ ከጠፋችሁ ቁሙ። አንድ ዛፍ ምረጡና እሱ ሥር ተቀመጡ፤ ፊሽካ ንፉ፤ እኛ እንመጣለን። እየተንቀሳቀሰ የሚጠፋን ልጅ ማግኘት በጣም ከባድ ነው።

የሄዳችሁበትን ቦታና የምትመለሱበትን ሰዓት ደግሞ ቤት ለሚቀር ሰው ጻፉለት። «እስከዚህ ሰዓት ካልደወልን ለእነ እገሌ ደውል» ብላችሁ በግልጽ። ባትሪ የማይፈልግ ነገር ነው።

ስማርት ሰዓቱን ለልጅህ ስጠው። አንተ እጅ ላይ ስንት እርምጃ እንደሄድክ ይቆጥራል፤ እሱ እጅ ላይ ግን ሥራ ያገኛል። የሰዓት ኃላፊ አድርገው። ዊልያም ኔይስሚዝ የሚባል የስኮትላንድ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያስቀመጠው ቀላል ስሌት አለ። ለየአምስቱ ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ያዝ። ለየ600 ሜትሩ ዳገት ደግሞ አንድ ሰዓት ጨምር። አሥር ኪሎ ሜትር መንገድ 600 ሜትር ዳገት ካለው ሦስት ሰዓት ማለት ነው። ይሄ ግን ሳያርፍ ለሚሄድ ጤነኛ ጎልማሳ ነው። የ9 ዓመት ልጅ ይዘህ፣ ድንጋይ ሁሉ ስታነሳ እየጠበቅህ፣ ቢያንስ ግማሹን ጨምርበት። ልጅህ ማታውኑ ያስላ። ጠዋት «በዚህ ሰዓት የትም ብንሆን እንመለሳለን» የምትሉት ሰዓት ይኑር፤ ሰዓቱ ሲደርስም የሚያስታውቀው እሱ ይሁን። ጫፉ ሃምሳ ሜትር ቢቀረው እንኳ ተመለሱ። የመመለሻውን ሰዓት ባለቤትህ ትወስን። የፈራችው የምሽቱን ነው፤ ቁልፉ እሷ እጅ ሲሆን ትረጋጋለች።

ሐይቅ ላይ ሰዓቱ ይዋኝበት አይዋኝበት እንደሆነ፣ «50 ሜትር» የሚለው ጽሑፍ አያታልላችሁ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ዝም ባለ ውሃ የተለካ ግፊት ነው። ለመዋኘት ይበቃል፤ 50 ሜትር ጠልቆ ለመውረድ አይደለም። ስልኩ ላይ አይፒ67 ቢል ደግሞ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ማለት ነው፤ ያውም በንጹሕ ውሃ። የባሕር ውሃ ከነካው በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው፣ ሳይደርቅም ቻርጅ አትሰካበት።

ድሮኑን ዘንድሮ አትግዛ። ልጅህ እንደሚያዝን አውቃለሁ። ድሮን ግን ሌላ ሰው ሁሉ የወጣበትን ጸጥታ ይወስዳል። ጎጆ የሠሩ ወፎችን ያስደነግጣል፤ እናቲቱ እንቁላሏን ጥላ ትነሳለች። በብዙ አገር ከ120 ሜትር በላይ ማብረር፣ ከዓይን አርቆ መላክም ክልክል ነው። ምዝገባም አለው። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጭራሽ ከልክለውታል። ባትሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ እንግዲህ አራት ባትሪ ይዘህ ልትወጣ ነው። ጉዞው እንደገና የቻርጅ ጉዞ ይሆናል። ልጅህ ፍላጎቱ የእውነት ከሆነ በዚህ በጋ ሕጉን ያጥና፤ ገንዘቡንም በከፊል ራሱ ያጠራቅም። በሚቀጥለው ዓመት ለድሮን ብቻ የሚወጣ ቀን ይኑራችሁ፤ በተፈቀደ ሜዳ ላይ፣ እንደ ራሱ የቻለ ስፖርት። ከእግር ጉዞው ጋር አትቀላቅሉት።

በምትኩ ግን ባዶ እጁን አትተወው። ጂኦካሺንግ ሰምተህ ታውቃለህ? የሀብት ፍለጋ ጨዋታ ነው፤ የሚፈልጉት በጂፒኤስ ነው። አጀማመሩ ደስ ይላል። እስከ እ.ኤ.አ. 2000 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለተራው ተጠቃሚ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርሳል። ሜይ 2 ቀን 2000 ማዛባቱ ቆመ። በማግስቱ ዴቭ አልመር የሚባል ሰው ኦሪጎን ውስጥ ጫካ ገብቶ አንድ ጥቁር ባልዲ ደበቀና የቦታውን ቁጥር ኢንተርኔት ላይ አወጣ። «ማን ያገኘዋል?» ነው ነገሩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰዎች አገኙት። ዛሬ እንዲህ የተደበቁ ሣጥኖች በዓለም ዙሪያ ሞልተዋል። ሣጥኑን ያገኘ ሰው ውስጡ ባለው ደብተር ስሙን ይጽፋል፤ አንድ ነገር ከወሰደ በዋጋ የሚመጣጠን ነገር ይተካል፤ መልሶም ባለበት ይደብቃል።

ለአንተ ልጅ ይሄ ልክ ነው። ስልኩ በእጁ ነው፣ ግን ስልኩ ወደ ውጭ ይጎትተዋል። መጨረሻዎቹ አምስት ሜትሮች ላይ ጂፒኤሱ አይረዳውም። እዚያ ሲደርስ ስልኩን ኪሱ ከትቶ በዓይኑና በእጁ ይፈልጋል። ጉቶ ሥር፣ ድንጋይ ኋላ። ብዙ ጊዜ ደግሞ የምታገኘው ትንሿ እህቱ ናት፤ ቁመቷ ለዚያ የተመቸ ነው። አካባቢያችሁ የተደበቀ ከሌለ ራሳችሁ ደብቁ። አንድ ቀን አንተና ባለቤትህ ደብቁና ቁጥሩን ስጧቸው። በሚቀጥለው እነሱ ይደብቁ።

ካሜራው ላይ ትንሽ ልቆይ። እኔ እናት ነኝ። ልጄ መጀመሪያ ራሱን ችሎ ሐይቅ ውስጥ የዋኘ ቀን ዳር ቆሜ እቀርጽ ነበር። ቪዲዮው አለኝ። ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር ግን የማስታውሰው በቪዲዮው ነው። ወደ እኔ ሲያይ ዓይኔን አላገኘውም። እስከዛሬ ይከነክነኛል። ሊንዳ ሄንከል የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ጥናት ሰዎችን ሙዚየም ውስጥ አዞረች። አንዳንዱን ዕቃ ፎቶ እንዲያነሱ፣ ሌላውን እንዲያዩት ብቻ አደረገች። በማግስቱ ሲጠየቁ ፎቶ ያነሱትን ካዩት ያነሰ አስታወሱ። ደስ የሚለው ግን ሌላው ውጤት ነው። አቅርበው አንዲት ክፍሏን ብቻ ያነሱት ሰዎች ትዝታቸው አልቀነሰም። በትኩረት አይተዋላ።

ስለዚህ ካሜራውን ከደረትህ ፍታው። ለልጅህ ስጣት። በቀን አሥር ፎቶ ብቻ፤ ሁሉም ከቅርብ የሚነሱ። የቅጠል ጅማት፣ የሸረሪት ድር፣ የወንድሟ ጭቃ የነካው ጫማ። አሥር ብቻ መሆናቸው እንድትመርጥ ያደርጋታል። አንተ ያን ቀን ካሜራ የለህም። «ና» ስትልህ ባዶ እጅህን ትሄዳለህ።

ከአዲሱ ዝርዝርህ ደስ ብሎኝ የማጸድቀው የግንባር መብራቱን ነው። እጅህ ነፃ ይሆናል፣ ድንኳን ስትተክልም ልጅ ይዘህ ስትሄድም። ቀይ ብርሃን ያለውን ምረጥ። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ነጭ መብራት ካየ ሁሉንም ከመጀመሪያ ይጀምራል። ደብዘዝ ያለ ቀይ ብርሃን ግን ብዙም አይረብሸውም። አንድ ሌሊት ሁሉንም አጥፍታችሁ፣ ስልኩንም ጨምሮ፣ ሜዳ ላይ በጀርባችሁ ተኙ። የምትኖሩት በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከሆነ ኦገስት 12 እና 13 አካባቢ ያሉትን ሌሊቶች ምረጡ። ስዊፍት ተትል የሚባለው ጅራታም ኮከብ የተወው አቧራ ከባቢ አየር ውስጥ እየነደደ ሰማዩን ያቋርጣል። ጨረቃ ከሌለች፣ የከተማ መብራትም ከራቀ፣ መቁጠር ያቅታችኋል። ይህን የሚተካ ዕቃ አይቼ አላውቅም።

አንድ ዕቃ ደግሞ እኔ ልጨምርልህ፤ አቅርቦ ማያ መነጽር። 8×42 የሚለውን። 8ቱ ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ ነው፤ 42ቱ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር። 12 ወይም 16 የሚያቀርበውን «ይበልጣል» ብለህ እንዳትገዛ። የእጅ መንቀጥቀጥንም አብሮ ስለሚያጎላው ልጆች ምንም ሳያዩበት ይሰለቻሉ። ለ9 ዓመት አንገት ከከበዳት 8×32 ይሁንላት። ባትሪ የለው፣ ቻርጅ የለው።

የውሃ ማጣሪያውን ወንዝ ዳር አድራችሁ ከወንዝ የምትጠጡ ከሆነ ግዛ፤ ለቀን ጉዞ ከቤት ውሃ ያዙ። አብዛኛው ትንሽ ማጣሪያ ባክቴሪያና ጥገኛ ተሕዋስያንን ይይዛል፤ ቫይረስ ግን ያልፈዋል። አንዴ ውስጡ የቀረው ውሃ በረዶ ከሆነ ደግሞ ይሰነጠቃል፣ ከውጭ ሲያዩት ግን ምንም አይመስልም። ከተጠራጠራችሁ አፍሉት። ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ከሆነ ሦስት። ድንኳኑን በተመለከተ፣ ያለህ ካላፈሰሰ አዲስ አያስፈልግህም። ከገዛህም መጀመሪያ ቤት ውስጥ ተክላችሁ አንድ ሌሊት እደሩበት።

ባለቤትህን በተመለከተ አንድ ነገር ልለምንህ። ዝርዝሩን ይዘህ አትሂድባት። ዝርዝሩን ስታይ የምትሰማው ያን ጫካ ነው። «ያን ቀን ፈርተሽ ነበር፤ እኔም ፈርቼ ነበር» በላት። መፍራትህን ነግረሃት የምታውቅ አይመስለኝም፤ ደብዳቤህም ውስጥ የለም። ከዚያ የመጀመሪያውን ቦታ እሷ ትምረጥ። አጭር ይሁን፣ የምታውቀው ይሁን፣ አሰልቺም ቢሆን ግድ የለም። ስልክህ ኤርፕሌን ሞድ ላይ፣ ካርታው ልጅህ እጅ ላይ፣ ፊሽካ አራታችሁም አንገት ላይ። የመመለሻው ሰዓት ሲደርስ ያለ ክርክር ዙር። እንዲህ ሁለት ጊዜ ስታደርግ ስታይ ሦስተኛውን ጉዞ ራሷ ታነሳዋለች ብዬ አስባለሁ።

ከሦስተኛው ጉዞ በኋላ ልጅህ የጻፈችውን ገጽ ላክልኝ። የጎደላችሁን አይቼ የቱን ዕቃ እንደምትገዛ ያኔ አብረን እንመርጣለን።